«ታድግበታለች» ብዬ የገዛሁት የጉልበት ፓድ

እኛ ቤት ለልጅ ዕቃ ሲገዛ አንድ ቃል አትቀርም፤ «ያድግበታል»። ዩኒፎርም ሰፋ ተደርጎ ይሰፋል፣ ያድግበታል። ጫማ ከፊቱ ወረቀት ተጠቅጥቆበት ይደረጋል፣ ያድግበታል። የበዓል ሱሪ ከታች ታጥፎ ይሰፋና በየዓመቱ እየተፈታ ይረዝማል። እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው። የታላቅ ወንድሜን ኮት እጅጌውን ጠቅልዬ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። ምንም ክፋት የለውም። ልጅ ቶሎ ያድጋል፣ ኑሮው ደግሞ የምታውቁት ነው።

ባለፈው ክረምት ግን ይቺን ቃል ያለቦታዋ ተጠቀምኩባት። ለ9 ዓመት ልጄ የሳይክል የጉልበት መከላከያ ስገዛ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ ገዛሁላት። ሻጩም «ይሰፋታል» አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሆነውን ልንገራችሁ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ የብስክሌት መስመር ከተሠራ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ሳይክል የያዘ ልጅ በዝቷል። ገሚሱም ሜዳው አልበቃው ብሎ ወደ እንጦጦ መውጣት ጀምሯል። ስለ ሄልሜት የሚያወራ ሰው አይጠፋም፤ ስለ ጉልበት ግን ማንም ምንም ሲል አልሰማሁም።

የምንኖረው በአራት ኪሎና በቀበና መሀል ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ልጆቼን፣ የ12 ዓመቱን ወንድና የ9 ዓመቷን ሴት፣ ይዤ እወጣለሁ። ሳይክሎቹን ታክሲ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭነን እስከ ሽሮ ሜዳ እንሄዳለን፤ ከዚያ ገፋ ነዳ እያደረግን ወደ ላይ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱ ለእኔም ይከብደኛል። ልጆቹ ግን ዳገቱን የሚታገሡት ለቁልቁለቱ ሲሉ ነው። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ የተስተካከለ መንገድ አለ፤ እነሱ ግን የሚወዱት ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚገባውን ጠባብ የእግር መንገድ ነው።

የዚያን ቀን ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት አባርቶ ነበር። ቀይ አፈሩ ረጥቧል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ በላዩ ላይ ተነጥፏል። ልጄ ከፊቴ ነበረች። ቁልቁለቱ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም፣ ስንት ጊዜ ወርዳበታለች። መታጠፊያው ላይ የፊት ጎማዋ የዛፍ ሥር ላይ ወጥቶ ተንሸራተተና ሳይክሉ ወደ ግራ ዘጭ አለ። እሷም በግራ ጉልበቷ ድንጋይ ላይ አረፈች።

ሮጬ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ደሙን አይደለም፣ ፓዱን ነው። ቁርጭምጭሚቷ ላይ እንደ ወረደ ካልሲ ተሰብስቦ ተቀምጧል። ጉልበቷ ባዶውን ነው። ለካ ዳገቱን ስትነዳ በእያንዳንዱ ፔዳል ትንሽ ትንሽ እየወረደ ነበር። ሁለት ጊዜ ቆማ «አባዬ ይወርዳል» ብላኛለች። እኔ «ሳብ አድርጊው» ብዬ አልፌያታለሁ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጉልበቷ ተገሽልጦ ጠጠር ገብቶበት ነበር። በያዝነው የመጠጥ ውኃ አጠብኩት፣ በንጹሕ ፎጣ ጠፍንጌ አሰርኩት፣ ወንድሟ ሁለቱን ሳይክል እየገፋ ወረድን። ቤት ስንደርስ እናቴ እንዳየቻት የተወቀጠ ቡና ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴን አልወቅሳትም፤ እኛን ሁላችንን ያሳደገችን በዚያ ነው፣ እውነትም ደም ሲቆም አይተናል። ግን ጠጠር በገባበት ቁስል ላይ ቡና ቢነሰነስ ቆሻሻው ውስጥ ይቀራል፣ በኋላም ለማጽዳት መከራ ነው። ቁስል በንጹሕ ውኃና በሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ ከፍቶ የሚታይ ወይም ጠለቅ ያለ ከሆነ ሐኪም ይየው። ክሊኒክ ስንሄድ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ቴታነስ ክትባት ነው። ካርዱ የት እንዳለ የምታውቀው ባለቤቴ ናት፣ ስልክ ደውዬ አጣራሁ። ጠጠሩ አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ወጣ። ልጄ እጄን ጨብጣ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ዓይኔን ወደ መስኮቱ ያዞርኩት።

ጉልበት ክፉ ቦታ ነው። የጉልበት ሎሚ የምንለው አጥንት ከቆዳው ሥር ነው ያለው፤ እንደ ጭን የሚሸፍነው ሥጋ የለውም። ቁስሉ ደግሞ በተራመዱ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ መዳኑ ይዘገያል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረጃ በአንድ እግሯ ነበር የምትወጣው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በደንብ የያዝኩት።

መጀመሪያ መርካቶና ፒያሳ ያሉ የስፖርት ዕቃ ቤቶችን ዞርኩ። «የጉልበት መከላከያ» ስትሉ የሚወጣላችሁ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ለመረብ ኳስ የሚሆን ቀጭን ስፖንጅ ያለው ነው። ጂምናዚየም ወለል ላይ ለሚንበረከክ ሰው ጥሩ ነው፣ ለድንጋይ ግን አይሆንም፤ ስፖንጁ በአንድ ምት ተጨፍልቆ ያልቃል። ሁለተኛው በመረብ ከረጢት የሚሸጠው የጉልበት፣ የክርንና የመዳፍ ፕላስቲክ ነው። እሱ ለስኬቲንግ ነው። አስፋልት ላይ ለምትጀምር ትንሽ ልጅ ከምንም ይሻላል፤ ግን በሁለት ቀጭን ላስቲክ ብቻ ስለሚያዝ ፔዳል ሲመታ ይዞራል፣ ፕላስቲኩ ወደ ጎን ሄዶ ጉልበቱ ከፊት ይቀራል። ሦስተኛው ለሞተረኛ የተሠራው ረጅም ፕላስቲክ ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን የአዋቂ ነው፤ ልጄ ስታደርገው ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጭኗ መሀል ደረሰ።

ለማውንቴን ባይክ፣ ማለትም ለተራራ ሳይክል ተብሎ የተሠራው ሌላ ነው። እንደ እግር ሹራብ የሚጠለቅ፣ ከፊቱ ወፍራም መከላከያ ያለው፣ ከላይና ከታች ውስጡ ሲሊኮን የተቀባ፣ ብዙ ጊዜም ከጭን በኩል የሚታሰር ቬልክሮ ያለው ነው። እኛ አገር የሚገኘው ወይ ከውጭ በሰው ሻንጣ መጥቶ ነው፣ ወይ ሳልባጅ ውስጥ ዕድል ቀንቷችሁ ነው። ዋጋው ያስደነግጣል። አንድ ጥንድ ጥሩ ፓድ የልጄን ሳይክል ዋጋ ሩብ ያህል ነው። ለዚህ ነው ሰው «ያድግበታል» የሚለው፣ ይገባኛል።

ስትገዙ ሁላችንም የምናደርጋት ነገር አለች፤ በአውራ ጣት ጫን ማድረግ። ጣታችን ከገባ «ልፍስፍስ ነው» ብለን እንመልሳለን። ይቺ ዘዴ ለስፖንጅ ትሠራለች፣ ለአዲሶቹ ፓዶች ግን ታታልላለች። ዲ3ኦን የመሳሰሉ ማቴሪያሎች ቀስ ብለው ሲጫኑዋቸው ለስላሳ ናቸው፣ በድንገት ሲመታቸው ነው የሚጠነክሩት። ብርቱካናማ ሆኖ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ካያችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሌሎች ኩባንያዎችም በየራሳቸው ስም ተመሳሳይ ነገር ይሠራሉ።

ይሄን ለልጆቼ ማስረዳት አቅቶኝ ወጥ ቤት ገባን። ሱቅ የሚሸጠውን የበቆሎ ስታርች በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከውኃ ጋር ለወስኩት፤ ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ውኃ። ልጄ ጣቷን ቀስ አድርጋ ስትከተው እንደ አጥሚት ዋጠው። «አሁን በቡጢ ምቺው» አልኳት። መታችው፤ እጇ ላዩ ላይ ቀረ፣ ምንም አልተረጨም። ደግማ መታች። ወንድሟም መታ። ከዚያ እፍኝ አንስታ በመዳፏ ስታንከባልለው ኳስ ሆነ፣ እጇን ስትከፍት ደግሞ በጣቶቿ መሀል ፈሰሰ። «እና ፓዱ ውስጥ ይሄ ነው ያለው?» አለችኝ። ይሄ ራሱ አይደለም፣ ግን ጠባዩ የዚህ ዓይነት ነው። ሲራመዱ ከጉልበት ጋር ይታጠፋል፣ ሲወድቁ ይደነድንና ምቱን በሰፊው ያሰራጨዋል።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ፓዱን ባንኮኒው ላይ አድርጉና በጣታችሁ አንጓ ጠንከር አድርጋችሁ ኳ አድርጉት። እንጨቱ ከተሰማችሁ ተዉት። ባለሱቁ ገርመም ቢያደርጋችሁም ግድ የለም።

ከዚህ የተሻለው ግን ምልክቱን ማንበብ ነው። የማውንቴን ባይክ ፓድ ብዙውን ጊዜ የሚፈተነው ለሞተረኞች በወጣው የአውሮፓ መለኪያ ነው፤ ኢኤን 1621-1 ይባላል። ውስጡ ከተሰፋው ጨርቅ ላይ ወይም ራሱ መከላከያው ላይ የሞተረኛ ሥዕልና ቁጥሩ አለ። ፈተናው በ50 ጁል ምት ነው። 5 ኪሎ ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ከሥር በኩል ምን ያህል ኃይል እንዳለፈ ይለካል። ደረጃ 1 በአማካይ እስከ 35 ኪሎኒውተን ያሳልፋል፣ ደረጃ 2 እስከ 20 ብቻ። ደረጃ 2 ይበልጣል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ወፈርና ሞቅ ያለ ነው። የስኬቲንጉ ደግሞ ራሱን የቻለ መለኪያ አለው፣ ኢኤን 14120። ቁጥሩን አይታችሁ ለምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ። ምንም ቁጥር የሌለው ከሆነ ጨርቅ ነው የገዛችሁት ብላችሁ አስቡ።

እኔ ለልጄ ደረጃ 1 መረጥኩ። ሰዎች «ለልጅህ ትንሹን?» ብለውኛል። ምክንያቴ ይሄ ነው፤ እሷ የምትነዳው ሦስት ሰዓት ነው፣ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ዳገት ነው። ወፍራሙን አድርጋ ካላባት አውልቃ ቦርሳዬ ውስጥ ትከተዋለች። ቦርሳ ውስጥ ያለ ደረጃ 2 ደግሞ ጉልበት ላይ ያለውን ደረጃ 1 አያህልም። ከዝላይ ላይ የሚወርድ፣ ፍጥነት የሚወድ ትልቅ ልጅ ካላችሁ ግን ወፍራሙን፣ ከተገኘም ከላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለውን ውሰዱለት። ፕላስቲክ ጠጠር ላይ ይንሸራተታል፤ ጨርቅ ግን ይይዛል፣ ሲይዝ ደግሞ ፓዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ጨርቅ ከመረጣችሁ ከፊት ያለው ልባስ ወፍራምና በቀላሉ የማይቀደድ ይሁን። ከጎንም ትንሽ መከላከያ ቢኖረው እመክራለሁ፤ ልጆች የውስጥ ጉልበታቸውን ሳይክሉ ብረት ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። የፔዳሉ ጥርስ ቅልጥማቸውን የሚበላቸው ከሆነ ደግሞ ወደ ታች ረዘም ያለውን ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ልኩ።

ጀርመን ያለች እህቴ «እኔ እልክላታለሁ» አለችኝ። በቴሌግራም «ቁጥሯ ስንት ነው?» ብላ ጻፈች። «9 ዓመቷ ነው» አልኳት። «የ9 ዓመት ጉልበት ስንት ሴንቲ ነው?» ብላ መለሰችልኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ የኩባንያውን የልክ ሰንጠረዥ ላከችልኝ። ዕድሜ የሚባል ነገር የለበትም። ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ የጭን ዙሪያና የባት ዙሪያ።

ልጆቹን ይዤ ሰፈራችን ወዳሉት ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ዩኒፎርማቸውን የሚሰፉልን እሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ ዛሬ ልብስ አይደለም፣ እግር ይለኩልኝ» አልኳቸው። ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉና «ቁሚ እስቲ የኔ ልጅ፣ እግርሽን አታጥፊ» አሏት። የጉልበቷን ሎሚ መሀል በጣታቸው አገኙ፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ወደ ላይ ለክተው በልብስ ሰፊ ኖራ ምልክት አደረጉ፣ 10 ሴንቲ ወደ ታች ሌላ ምልክት። እዚያ ምልክቱ ላይ ዙሪያውን ለኩ። ጭን 33፣ ባት 26። ጉልበቷ ላይ የቀረው ጠባሳ ገና ሮዝ ነበር፣ ሜትሩን ሲያዞሩ እንዳይነካት ተጠነቀቁላት። ቀጥሎ ወንድሟን ለኩት። ጭን 34፣ ባት 28። አስቡት፣ በሦስት ዓመት ይበልጣታል፤ ጭኑ ግን በአንድ ሴንቲ ነው የሚበልጣት። እሱ ቀጭን ሸንበቆ ነው፣ እሷ ደልደል ያለች ናት። በዕድሜ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም እስት ነበር።

ልኩን እንደጨረስን «ስንት ልጨምርላት?» አሉኝ፣ እንደ ለመዱት። ምንም እንደማይጨመር ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ ሲገባቸው ያሉኝን አልረሳውም፤ «እንግዲያው ይሄ እንደ ፋሻ ነው በለኛ፣ ፋሻ ላልቶ አይታሰርም»። ሳምንት ሙሉ ለሰው ለማስረዳት የደከምኩበትን ነገር በአንድ አፍ ጨረሱልኝ።

አንዳንድ ኩባንያ 10 ሴንቲ ሳይሆን ሌላ ርቀት ይላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የራሱን ሰንጠረዥ አይታችሁ ለኩ። ልኩ በሁለት ቁጥር መሀል ከወደቀ ትንሹን ያዙ፣ ካላመመው በስተቀር። ትልቁን አትያዙ። የሚወርድ ፓድ ካለመኖሩም በአንድ ነገር ይብሳል፤ ልጁ ያለ እየመሰለው ይደፍራል፣ እናንተም ያለ እየመሰላችሁ ልብ አትሉም።

ሲመጣላችሁ ቤት ውስጥ ፈትኑት፣ ታጉን ሳትቆርጡ። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። ልጄ አደረገችው፣ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ አለች፣ ደረጃ ሁለት ፎቅ ወጥታ ወረደች። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ በጉልበቷ ወደ ፊት ሄደች፤ ይሄኛው ዋናው ነው፣ መሬት ላይ ስትወድቅ የሚሆነውን ቀስ ብሎ ያሳያል። በመጨረሻ እኔ ከላይ ይዤ ወደ ታች ጎተትኩት። አንድ ጣት ያህል ከወረደ አይሆንም። ግማሽ ሰዓት አቆይታ ስታወልቀው ቆዳዋን አየሁ። ትንሽ ቀላ ያለ ምልክት ችግር የለውም። ሰንበር የሚመስል ጥልቅ መስመር ካለ፣ ወይም «እግሬ ውርር አለኝ» ካለች ግን ጠቧል። ከኋላ ጉልበቷ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጨርቁ ተጨማድዶ እንዳይፍቃትም አየሁ፤ ልጅ መጀመሪያ የሚያማርረው እዚያ ጋ ነው።

የጠዋቱ ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ምቱን ሲያገኙ የሚጠነክሩት ፓዶች ብርድ ላይም ይጠነክራሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት እንጦጦ ላይ ከቦርሳ አውጥታችሁ ብታለብሱት እንደ ካርቶን ነው። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ጀምሮ ከሱሪ ሥር ያድርጉት፣ በሰውነታቸው ሙቀት ይለሰልሳል። የሚጠለቀውን ዓይነት ለማድረግ ጫማ ማውለቅ ስለሚያስፈልግም ጭቃ ላይ በአንድ እግር ከመቆም ያድናል። ለትንንሾቹ ከኋላ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ይመቻል።

ትልቁ ልጄ ግን ሌላ ክርክር አመጣ። «አባዬ፣ ኦሊምፒክ ላይ የሚወዳደሩት እኮ ጉልበታቸው ባዶ ነው።» እውነቱን ነው። የማውንቴን ባይክ አገር አቋራጭ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ጀምሮ አለ፣ ተወዳዳሪዎቹም እዚያ ላይ ጉልበታቸውን አይሸፍኑም። አልዋሸሁትም። ግን እነሱ እያንዳንዱን ግራም የሚቆጥሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን መውደቅም መነሣትም የተማሩ አዋቂዎች ናቸው። ቁልቁለት ብቻ የሚወዳደሩትን የዳውንሂል ሰዎች ቪዲዮ አሳየሁት። ሙሉ ፊታቸውን የሚሸፍን ሄልሜት ግዴታቸው ነው፣ ጉልበታቸው ላይም ፓድ አለ። «አንተ ከሁለቱ የምትወደው የቱን ነው?» አልኩት። ቁልቁለቱን። እንግዲህ እንደነሱ ልበስ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም፤ አሁን እንዲያውም ከእሷ ቀድሞ የሚያደርገው እሱ ነው።

አንድ ነገር ሳልል እንዳልቀር። ፓድ ሁሉን አያድንም። ቆዳን ከመገሽለጥ፣ አጥንትን ከቀጥታ ምት ይከላከላል። ጉልበት ሲጠመዘዝ ጅማት እንዳይጎዳ ግን አያደርግም። ልጁ ወድቆ ተነሥቶ እግሩ ላይ መቆም ካልቻለ፣ ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ወይም እግሩን መዘርጋት ካቃተው «ፓድ አድርጓል» ብላችሁ አትጽናኑ፣ ወጌሻም ጋ አትሂዱ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱትና ራጅ ይነሣ። ልጆች አጥንታቸው ጫፍ አካባቢ ገና የሚያድግበት ክፍል አለ። እሱ ተጎድቶ ሳይታይ ታሽቶ ቢያልፍ ዕድገቱ ላይ ሊመጣ ይችላል። ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሄልሜት ነው፣ ይሄ ክርክር የለውም። ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ጓንት።

ሳልባጅ ካገኛችሁ አትናቁት፣ ግን ሦስት ነገር እዩ። ላስቲኩን ለጥጣችሁ ልቀቁት፤ ቶሎ ካልተመለሰ አልቆለታል። መከላከያውን አጥፉት፤ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ደረቅ እንጀራ ከተፈረፈረ ተዉት። ስፌቱን ከጎን በኩል እዩ። ከታላቅ ለታናሽ ስታወርሱም ያው ነው፤ ልኩ እሱ ከሆነ ይውረስ፣ ካልሆነ አይሆንም። ላስቲኩ ብቻ የላላውን ልብስ ሰፊ ሊያጠብቀው ይችላል። የመጀመሪያውን ሰፊ ፓድ ጋሼ እንዲያጠብቡልኝ ጠይቄያቸው ነበር። ላስቲኩን በዚግዛግ ሰፉት፣ ያዘ፣ ግን መከላከያው ራሱ ለትልቅ ጉልበት የተሠራ ስለሆነ ቦታውን አልመታም። የሰፈር አንድ ጎረምሳ አለ፣ ለእሱ ሰጠሁት፤ ልክክ አለለት።

እጥበቱን አደራ። መከላከያው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ እጠቡ። በረኪና አታስነኩት፣ ላስቲኩን ይበላዋል። ፀሐይ ላይ ወይም ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስጡት፣ ጥላ ያለው ነፋሻ ቦታ ይስቀሉት። ቬልክሮው ከሌላ ጨርቅ ጋር እንዳይያያዝ ዘግታችሁ እጠቡ። እኛ ቤት የእናቴን ነጠላ ጥለት ይዞ ቅያሜ ሊያመጣብን ነበር።

የጀርመኑ ፓድ በጥቅምት ሰው ይዞት መጣ። ከዚያ ወዲህ እንጦጦ ላይ አንድ ልማድ አለን። ዳገቱን ጨርሰን ላይ ስንደርስ፣ ከመውረዳችን በፊት፣ ሁላችንም እንቆማለን። የሄልሜት ማሰሪያ፣ ፍሬን፣ ጉልበት። እያንዳንዳችን ጮክ ብለን እንላለን፣ እኔም ጭምር፤ ምክንያቱም እኔም አሁን አደርጋለሁ። ከዚያ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች መንገዱ ላይ ካሉ እስኪያልፉ እንጠብቃለን። እነሱ ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ አያዩንም፣ ጀርባቸው ላይ ያለው ሸክም ደግሞ እንደ ልብ ዞር ለማለት አይመችም። ቁልቁለቱ የትም አይሄድም።

በጥር አንድ ቅዳሜ ልጄ እዚያው መታጠፊያ አካባቢ ወደቀች። ጠጠሩ ደረቅ ነበር፣ የኋላ ፍሬን አብዝታ ይዛ ነው። እንደ ባለፈው በግራ ጉልበቷ። ልቤ ቀጥ አለ። ተነሣች፣ አፈሩን አራገፈች፣ ፓዱን ዝቅ አድርጋ ጉልበቷን አየች፣ መልሳ ሳበችው። ጨርቁ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ጭረት ወጥቷል፣ ክሩ ብቅ ብሏል። ጉልበቷ ላይ ያለው የድሮው ጠባሳ ብቻ ነው። «ሳይክሉ ካቴናው ወልቋል» አለችኝ። ካቴናውን መለስንና ወረድን።

አሁን ሰኔ ነው፣ ትምህርት ሊዘጋ ነው። ትናንት ማታ ጋሼን ሳላስቸግር ራሴ ለካኋት። ጭን 35፣ ባት ደግሞ 27 ተኩል። ሰንጠረዡን አወጣሁ፤ የእሷ ቁጥር እስከ 36 ይላል። «እስቲ አድርጊው» አልኳት። ጫማዋን አውልቃ አደረገችው፣ ጭረት ያለበትን በግራ። ተንበረከከች፣ ሳሎኑን በጉልበቷ አቋርጣ ሶፋው ጋ ደረሰች፣ ተነሣች። ከላይ ይዤ ወደ ታች ጎተትኩት። ከቦታው አልተነቃነቀም። ክረምቱን ይይዛታል፣ መስከረም ላይ እንደገና እንለካለን።